ተገልብጦ የተሰፋው ካፖርት

ላይል ማኬልቪ በየካቲት አንድ ማለዳ ሱቄ ገብቶ፣ የጫማውን በረዶ እንኳ ሳያራግፍ፣ «ሮዊና፣ ዘንድሮ ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ካፒቴን ኢኖስን መሆን አለብኝ» አለኝ።

«አምናስ ማንን ነበርክ?»

«አምና እሱን የመሰለ ሰው ነበርኩ። ዘንድሮ የምፈልገው እሱን ራሱን ነው።»

ሳቅኩበት። ላይል ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጣሪያ ሲከድን ኖሮ ጉልበቱ አልቋል፤ ሰኔ ሲመጣ ግን ፈረስ ላይ ካልወጣሁ ይላል።

እኔ የጥንት ሰዎች ልብስ እሰፋለሁ። ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በፊት እዚህ ኦሃዮ ወንዝ ዳር ጫካ መንጥረው የሰፈሩት ሰዎች ይለብሱት የነበረውን ማለቴ ነው። ከተማችን በየሰኔው ሦስት ቀን በካልደር ምሽግ ድንኳን ተክላ ያንን ዘመን በትርኢት ታሳያለች። ጥርስ ሐኪሙ አንጥረኛ ይሆናል፤ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ቅቤ ትንጣለች። በሩ ላይ ተቀምጬ ልብሳቸውን የምፈትሸው እኔ ነኝ። ዚፕ ያለው፣ ናይለን የለበሰ፣ ጎማ ሶል ያደረገ አያልፍም። አንድ ዓመት የገዛ ባሌን በእጅ ሰዓቱ ምክንያት ከበር መልሼዋለሁ፤ እስኪሞት ድረስ ለሰው ሁሉ ሲያወራብኝ ኖረ።

ካፒቴን ኢኖስ ማኬልቪ ምሽጉን ከመሠረቱት አንዱ ነው። የላይል ሰባተኛ አያት ነው። የትርኢቱ ማሳረጊያ «መልስ» የምንለው ነው፤ በ1782 የጸደይ ወራት ሚሊሻው ወንዙን ተሻግሮ ዘምቶ ሲመለስ ያሳያል። ካፒቴኑ ከፈረሱ ይወርዳል፣ ከኮርቻው ኋላ ጥቅልል ይፈታል፣ ከነጋዴ የገዛውን ሰማያዊ ካፖርት ለትንሽ ልጁ ያለብሳታል። ሕዝቡ በየዓመቱ እዚያ ላይ ያለቅሳል። እኔም አለቅስ ነበር።

ያን ቀን እስከ ምሳ ድረስ ልብስ ስንመርጥ ቆየን። ላይል ነጭ የአደን ሸሚዝ አማረው።

«ነጭ ለብሰህ ጫካ ልትገባ? አጋዘኑ በሳቅ ይሞታል» አልኩትና በዋልነት ዛፍ ፍሬ ልጣጭ የተነከረውን ቡናማ አወረድኩለት። ከተልባ ቃጫ የተሸመነ፣ ዳር ዳሩ ሁሉ ዘርፍ የሆነ ነው። ገምባሌውን ከወፍራም ሱፍ መረጥን። ባርኔጣው ላይ ግን ተጣላን። እሱ ጅራት ያለው የጸጉር ቆብ ነው የሚፈልገው።

«እሱ የሲኒማ ነው፣ ላይል። ኢኖስ እንደማንኛውም ሰው ተራ ባርኔጣ ነበር የሚያደርገው።»

«አንቺ ኢኖስን የት ታውቂዋለሽ?»

«አንተስ የት ታውቀዋለህ?»

የልጅ ልጁ ዊኒ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ አጠገብ ያለችው የምትዞር ወንበር ላይ ትሽከረከራለች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። እናቷ ሥራዋ ሌላ ከተማ ስለሆነ የሚያሳድጋት ላይል ነው። በዚህ ዓመት የካፒቴኑን ልጅ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቆመው እሷ ናት።

«እኔ ሮዝ ነው የምፈልገው። የሚያብለጨልጭ።»

«በዚያ ዘመን የሚያብለጨልጭ ሮዝ አልነበረም፣ የኔ ቆንጆ» አልኳት።

«ታዲያ እዚያ ዘመን ለምን እንሄዳለን?»

ላይል ሳቀና ከብብቱ ሥር አንድ ካርቶን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ሳይከፍተው አወቅኩት። ካፖርቱ ነበር፤ ዋናው፣ ኢኖስ ያመጣው። የማኬልቪ ቤት ሴቶች ልጆች ሁሉ አምስት ዓመት ሲሞላቸው እሱን ለብሰው ፎቶ ይነሳሉ። ፎቶዎቹ በላይል ሳሎን ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል፤ የአያቱ እህት፣ አክስቱ፣ እህቱ፣ ልጁ፣ አምና ደግሞ ዊኒ።

«ለዊኒ ጠቧታል፤ ጨርቁም አርጅቷል። ለትርኢቱ ልክ እሱን የሚመስል ስሪላት። ስፌቱ፣ ክሩ፣ ሁሉ ነገር አንድ ይሁን።»

«ልኩን ለመውሰድ እኮ ገበሩን መፍታት አለብኝ።»

«ፍቺው። ካንቺ ሌላ ለማን አምነዋለሁ?»

በማግስቱ በመስኮቱ ብርሃን ዘርጋሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት አሮጌ ልብስ ስፈታ ኖሬያለሁ፤ እጄ አይንቀጠቀጥም። የገበሩን ስፌት በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ እያነሳሁ ከታችኛው ጠርዝ ጀመርኩ። ከውጭ የሚታየው ሱፍ ፀሐይ መጦት ግራጫ ወደመሆን ደርሷል። ገበሩን ገልጬ ከሥሩ ያለውን ፊት ሳይ ግን፣ ትናንት የተነከረ ይመስል ደማቅ ሰማያዊ ነው። ጠርዙን ተከትሎ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የሐር ሪባን ተደራርቦ፣ ጫፉ በመቀስ እየተቆረጠና እየታጠፈ፣ በዐይን በማይታይ ስፌት ተሰፍቷል። ደረቱ ላይ ደግሞ ረድፍ ረድፍ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። የብር ጌጥ የተሰካባቸው ነበሩ።

ካፖርቱ ተገልብጦ ነበር የተሰፋው። ፊቱ ወደ ውስጥ ተደርጎ፣ በላዩ ገበር ተደፍኖበት።

እንዲህ ያለ የሪባን ሥራ የሰፋሪ ሴት እጅ አይደለም። ነጋዴም አይሸጠውም። የሌናፔ እናት ለልጇ የምትሠራው ነው። ደላዌር እያልን የምንጠራቸው፣ ይህ ወንዝ አገራቸው የነበረ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ያሰብኩት ሞኝ ነገር ነበር፤ «ለካስ ኢኖስ ከሌናፔዎች ነው የገዛው» አልኩ። ደስ እንኳ አለኝ መሰለኝ።

ከዚያ ጀርባውን ፈታሁ።

በሁለቱ ትከሻዎች መሐል፣ ከውጭ ተራ ጥገና የሚመስል ዕራፊ ከውስጥ ተጥፎበታል። ዕራፊውን አነሳሁት። አራት ጣት የሚያህል ቀዳዳ ነው። ብል የበላው ሱፍ አውቃለሁ፤ ጠርዙ ይሳሳል፣ ይንጨባረራል። ይሄ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። በአንድ ምት የተቆረጠ። በዙሪያው ሱፉ ደርቆ እንደ ካርቶን ቆሟል፤ ሰማያዊው ጠቁሯል። ታጥቧል፤ ደጋግሞ ታጥቧል፤ አልለቀቀም።

መርፌውን አስቀመጥኩ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዐይኔ ፊት የነበረው ካፖርቱ አልነበረም። አምና ይህንኑ ለብሳ፣ ጥርሷን ገልጣ፣ ለፎቶ የቆመችው ዊኒ ነበረች፤ ጀርባዋ ላይ ይህ ቀዳዳ አለ።

ላይልን ጠራሁት። መጣ። ቀዳዳውን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ እንደገና አደረገ።

«ብል ነው» አለ።

«ብል እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም።»

«ሚስማር ይዞት ይሆናል። የስድስት ትውልድ ልጆች ለብሰውታል እኮ፣ ሮዊና! ልጅ አጥር ላይ ይንጠላጠላል።»

«ደሙስ?»

ፊቱ ቀላ። «ደም መሆኑን በምን አወቅሽ? አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ፣ ፖሊስ አይደለሽም!»

«ሰው ላምጣ? የሚያውቅ ሰው?»

«የፈለግሽውን አምጪ! ብል ነው ይሉሻል።» በሩን ወርውሮት ወጣ።

ያመጣሁት ሰው ናዲን ሃፍሙን ናት። ሌናፔ ናት፤ ሕዝቧ ከዚህ ወንዝ እየተገፋ እየተገፋ የደረሰበት ኦክላሆማ ነው የምትኖረው። ጡረታ የወጣች ነርስ ስትሆን፣ የወገኖቿን አሮጌ ልብስ የምትመረምር እሷ ናት። ትውውቃችን በጠብ ነው የተጀመረው። ከዓመታት በፊት ደውላ፣ «የኛን ልብስ ለማንም ነጭ ሰፍተሽ የምትሸጪው አንቺ ነሽ?» ብላ አፈር ከድሜ አበላችኝ። ልክ ነበረች፤ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ በስልክ እንጨቃጨቃለን፤ ፊት ለፊት ግን ተገናኝተን አናውቅም።

ሚያዝያ ላይ መጣች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ የስፖርት ጫማ ያደረገች ሴት ናት። ሱቄን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ይሄን ሁሉ ዘርፍ ማን ነው የሚያበጥረው?» አለች። ስቄ ሳልጨርስ ጠረጴዛው ላይ የተሸፈነውን አየች፤ ሳቋም ሳቄም እዚያው ቀረ።

ላይል እጁን አጣምሮ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ዊኒ እጅጌውን ይዛለች። ናዲን ልጅቷን አየቻት።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ስድስት። አምና አምስት ነበርኩ።»

«ጎበዝ። ውጭ ሽኮኮ አይቻለሁ። ስንት እንደሆኑ ቆጥረሽ ትነግሪኛለሽ?»

ዊኒ ሮጠች። ናዲን ሽፋኑን ገለጠች። እጆቿ ሳይነኩት ለረጅም ጊዜ ከላዩ ቆዩ። ሪባኑን በማጉያ መነጽር አየችው። ከዚያ ጀርባውን አየች። በመጨረሻ መዳፏን ቀዳዳው ላይ ጋደም አደረገች፤ ታሞ የተኛ ልጅ ጀርባ ላይ እንደሚደረገው።

«ሚስተር ማኬልቪ፣ ይሄ ከየት ነው የመጣው ይላሉ?»

«ካፒቴን ኢኖስ ከዘመቻ ሲመለስ ከነጋዴ የገዛው ነው።»

«የትኛው ዘመቻ?»

«የ82ቱ። የጸደዩ።»

«ያን ጸደይ ከወንዙ ማዶ የነበረው የኛ መንደር ነው» አለች። ድምጿ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ክርስትናን የተቀበሉ የጸሎት ሰዎች ነበሩ። የእንግሊዝና የአሜሪካኖቹ ጦርነት ውስጥ አንገባም ብለው ነበር። የናንተ ሚሊሻ ሲደርስ ወጥተው ተቀበሏቸው፤ መሣሪያቸውን አስረከቡ። ምግብ አቀረቡላቸው። በማግስቱ ወንዶቹን አንድ ቤት፣ ሴቶቹንና ልጆቹን አንድ ቤት አስገብተው ጨረሷቸው። ከዚያ ዕቃውን በፈረስ ጭነው ወሰዱ። ድስቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ልብሱን።»

«ኢኖስ የተዋጋው በጦር ሜዳ ነው!» አለ ላይል። «ወታደር ነበር! ውጊያ ነበር!»

«የአምስት ዓመት ልጅ ጦር ሜዳ ምን ትሠራለች?»

ስለዚያ መንደር አንብቤ ነበር፤ ሁላችንም አንብበናል። በሌላ ሰው፣ በሌላ ሚሊሻ፣ ራቅ ባለ ቦታ የሆነ ነገር አድርገን ነበር የያዝነው። «መልስ» እያልን በየዓመቱ የምናለቅስለት ሰው ከየት እንደሚመለስ ግን አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም።

«የስም ዝርዝር አለን» አለች ናዲን። «በዚህ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ልጆች ሰባት ናቸው። የየትኛዋ እንደሆነ አላውቅም፤ አልገምትምም። ግን ልጅቷን ይዣት ወደ ቤት መሄድ እፈልጋለሁ።»

ካፖርቱን አላለችም። ልጅቷን ነው ያለችው።

«እህቴ ለብሳዋለች» አለ ላይል፤ ለማን እንደሚናገር ያላወቀ ይመስላል። «ልጄ ለብሳዋለች። ዊኒን ራሴ ነኝ ያለበስኳት። ቁልፉን ራሴ ነኝ የቆለፍኩላት።» ከዚያ ወጣ፤ በመስኮት ሳየው መኪናውን ተደግፎ ጎንበስ ብሏል። ዊኒ አጠገቡ ቆማ ጀርባውን መታ መታ ታደርጋለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ሳምንት ድምፁን አላሰማኝም። ወንድሙ ዱዌይን ግን ደወለልኝ። «ስሚኝ፣ ሮዊና። ያንን ጨርቅ አቃጥይውና አፍሽን ዝጊ። ሙታንን ለምን ትቀሰቅሻለሽ? የቤተሰባችንን ስም በመርፌ ልታፈርሺው ነው?» ስልኩን ዘጋሁበት። ካፖርቱን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት።

በግንቦት መጨረሻ ላይል መጣ። ከስቷል። የመረጥኩለት የአደን ሸሚዝ መስቀያው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ወንበር ስቤለት ተቀመጠ።

«ለዊኒ ነገርኳት» አለ።

«ምን ብለህ?»

«ምን ልበላት? ካፖርቱ የሌላ ልጅ ነበር፣ የኛ ሰዎች ልጅቷን ጎድተው ወሰዱባት አልኳት። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለሽ? "አያቴ፣ ካፖርቷን ሲወስዱባት በርዷት ነበር?"» ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። «መጋቢት ነበር እኮ፣ ሮዊና። በረዶ ነበር። እኔ ለዚህ ልጅ ምን ብዬ ልመልስላት?»

አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ለሴትዮዋ ደውይላት» አለኝ ሲነሳ። «ለሰኔው ትምጣ፤ ካፖርቱንም ትውሰደው።»

የትርኢቱ ቀን ደረሰ። በሩ ላይ ተቀምጬ ሳለ ላይል በዘወትር ጂንስ ሱሪውና በሥራ ሸሚዙ መጣ። ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ ልብሳቸው ደንበኛ ነበር፤ ምን እንደምለው ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ዚፕ አለኝ» አለኝ።

«አይቻለሁ። እለፍ።»

ከሰዓት በኋላ «መልስ» ተጀመረ። ከበሮው ተመታ፤ ሚሊሻው በሁለት ረድፍ ገባ። ሕዝቡ የካፒቴኑን ፈረስ ሲጠብቅ ላይል በእግሩ ወጣ። ሜዳው መሐል ቆመ። ከበሮ መቺው ግራ ተጋብቶ ጥቂት መታና ተወው።

ላይል ተናጋሪ ሰው አይደለም። «ስሜ ላይል ማኬልቪ ነው» አለ። «ካፒቴን ኢኖስ ሰባተኛ አያቴ ነው። በየዓመቱ እዚህ ቆሜ ካፖርቱን ከነጋዴ ገዛው ስላችሁ ኖሬያለሁ። አልገዛውም። ከተገደለች ልጅ ላይ ነው የገፈፈው፤ ወይም ሲገፈፍ ቆሞ አይቶ ተካፍሏል። ጀርባው ላይ የመጥረቢያ ቀዳዳ አለ። አያቶቼ ቀዳዳውን ጥፈው፣ ገልብጠው ሰፍተው፣ ለልጆቻቸው አልብሰዋል። እኔም አልብሻለሁ። አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ፤ እናንተም እወቁ።»

ሁለት ሺህ ሰው ነበር፤ የባንዲራው ገመድ እንጨቱን ሲመታ ይሰማል። ከዚያ አንድ ሰው፣ «ምን ዓይነት ቀልድ ነው?» ብሎ ጮኸ። አንዲት እናት ልጆቿን በእጅ በእጃቸው ይዛ እየተቻኮለች ወጣች። ዱዌይን ከሚሊሻው ረድፍ ወጥቶ ጠመንጃውን ሣር ላይ ወረወረና፣ «የአባታችንን መቃብር ነው የተፋህበት!» አለው። ላይል ቀና ብሎ አየው። ዱዌይንም ሄደ፤ አምስት ስድስት ሰው ተከተለው። የቀሩት ምን ማድረግ እንዳለባቸው አላወቁም። ጥርስ ሐኪሙ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ አጠገቡ የቆመው አወለቀ። ሁሉም አላወለቁም።

ናዲን ከእኔ ጎን ቆማ ነበር። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ለማንበብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። «ልሂድ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» ብቻ አለች።

ሱቅ ሄደን ካፖርቱን በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው። ሳጥን ላምጣ ስላት በእጇ ከለከለችኝ። የመኪናዋን የኋላ ዕቃ መጫኛ ልከፍትላት ስል፣ «እዚያ አትገባም» አለችና በፊተኛው ወንበር፣ በጎኗ አስቀመጠቻት። ላይልና ዊኒ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ዊኒ እጇን አውለበለበች። ናዲን ለዊኒ መለሰችላት።

ከዚያ ወዲህ «መልስ» የሚባል ትርኢት የለም። ከትርኢቱ አባሎች ሲሶው ጥሎን ወጥቶ ሌላ ከተማ የራሱን ሠፈር ተክሏል፤ ያንኑ ታሪክ በድሮው መልክ ያሳያል አሉ። ዱዌይን ወንድሙን በመንገድ ሲያየው ይሻገራል። እኔ አሁንም እሰፋለሁ፤ ሰው አሮጌ ልብስ ይዞልኝ ሲመጣ ግን ከልኩ በፊት የማን እንደነበር እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል።

በጥቅምት ናዲን ለላይል ደወለችለት። ልጅቷን እንደቀበሯት ነገረችው፤ የት እንደሆነ ግን አልነገረችውም። የዚያኑ ቀን ሱቄ መጥቶ ሁሉንም አወራኝ።

«መጥቼ ብቆም ይፈቀድልኛል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሩቅ እቆማለሁ፣ አልናገርም አልኳት።»

«ምን አለችህ?»

«"አይሆንም፣ ሚስተር ማኬልቪ። ከናንተ ቤት ሰው አንዴ መጥቶብናል" አለችኝ።»

ለማጽናናት አፌን ስከፍት እሱ ራሱ ቀደመኝ።

«እውነቷን ነው» አለ። ባርኔጣውን ደፍቶ ዊኒን ከትምህርት ቤት ሊያመጣት ሄደ።